በባዶ እግር የተረገጠ እንጨት

የነሐሴ እረፍት አልቆ ሰው ወደ ሥራ በተመለሰ በሦስተኛው ቀን የጀልባ ፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ እንጨት ሥራ ክፍሉ፣ እንጨት ቤት ድረስ መጣ። ሥራ አስኪያጅ እንጨት ቤት የሚመጣው ለሁለት ነገር ነው፤ ወይ እንግዳ ሲያስጎበኝ፣ ወይ ክፉ ሲያወራ። ያን ቀን እንግዳ አልነበረም።

ሰባቱ ሰዎች መጋዛቸውን አጥፍተው ቆሙ። ከፊት የቆመው አለቃቸው ዱሊዮ ዳል ፒኖ ነው፤ ስድሳ አንድ ዓመቱ፤ አርባውን የፈጀው እዚሁ ጣሊያን ባሕር ዳርቻ፣ ቪያሬጆ፣ የሀብታም ጀልባ ወለል ሲያነጥፍ። ሥራ አስኪያጁ በሩ ላይ እንደቆመ፣ ሱሪው ብናኝ እንዳይነካው እየተጠነቀቀ፣ ነገሩን አሳጥሮ ነገራቸው። የጀልባ ገበያ እንደ ድሮው አይደለም። ቱርኩ ያንኑ ጀልባ ሠርቶ በሁለት ሦስተኛ ዋጋ ይሸጣል። ሆላንዱ በጥራት ከላይ፣ ታይዋኑ በዋጋ ከታች ይዞናል። ለጀልባ ወለል የሚሆነው ጥሩ የቲክ እንጨት ይመጣ የነበረው ከበርማ ነው፤ እሱም አሁን በሕግ ተከልክሏል፤ ከሌላ አገር የሚመጣው ደግሞ ዋጋው አይቀመስም። ስለዚህ አዲሱ ባለ ሠላሳ ሁለት ሜትር ጀልባ ወለሉ እውነተኛ ቲክ ይሁን ወይስ ቲክ የሚመስል ፕላስቲክ፣ የመጀመሪያው ገዢ ይወስናል። እሱ የመረጠው ለሌሎቹም ይሆናል። እንጨት ካለ እንጨት ቤቱ ይቀጥላል። ፕላስቲክ ካለ ጥቅምት መጨረሻ ላይ ይዘጋል፤ ፕላስቲኩ ተቆርጦ፣ ተለክቶ ከውጭ ስለሚመጣ ሁለት ሰው በአራት ቀን ለጥፎት ይሄዳል።

ከዱሊዮ ቀጥሎ ሽማግሌው ኢቮ ነው፤ በጣውላና ጣውላ መካከል ጥቁሩን ጎማ የሚሞላው። እሱ፣ እኛስ ታዲያ ምን እንሆናለን ብሎ ጠየቀ። ሥራ አስኪያጁ እናያለን አለው።

ሰውየው ከወጣ በኋላ ኢቮ፣ “እናያለን ማለት አይተን ጨርሰናል ማለት ነው” አለ።

አንድ ተስፋ ግን ትቶላቸው ሄዷል። ገዢው ተገኝቷል፤ ከብሪያንዛ፣ የመታጠቢያ ቤት ቧንቧ የሚያመርት፣ ኢንጂነር ብራምቢላ የሚባል ሰው። በጄኖቫው የጀልባ ትርዒት ላይ ሁለቱን ወለል ጎን ለጎን አይቶ ይመርጣል። ናሙናውን እንጨት ቤቱ ይሥራ። ዱሊዮም ራሱ ይምጣ ተባለ፤ ገዢ እጁ የሻከረ ሽማግሌ ማየት ይወዳል፣ ልቡ ይራራል።

ዱሊዮ ይህን ሲሰማ ልቡ በሁለት ተከፈለ። እንደ አሮጌ ዕቃ ተይዞ መታየቱ አንገሸገሸው። ግን በአርባ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ገዢ ፊት ሊቆም ነው። እሱ የሠራቸው ወለሎች ዓለምን ዞረዋል፤ ስሙ ግን ከፋብሪካው በር አልፎ አያውቅም። አንድ ጊዜ በእሱ ወለል ምክንያት የተሸለመ ጀልባ መጽሔት ላይ ወጥቶ ነበር። ፎቶው ላይ ንድፍ አውጪው ከነውሻው ወለሉ ላይ ጋደም ብሏል። ከፎቶው ሥር የውሻው ስም ተጽፏል። ዱሊዮ ያንን ገጽ እስከ ዛሬ ከመሣሪያ ሣጥኑ ክዳን ውስጥ ለጥፎታል፤ ለመታሰቢያ አይደለም፣ ቂሙ እንዳይቀዘቅዝ ነው።

ናሙናውን ራሱ ሠራው፤ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር። ለዓመታት ደብቆ ካስቀመጠው የበርማ ቲክ መርጦ፣ ጣውላውን አጋጥሞ፣ ኢቮ ጎማውን ሞልቶለት፣ ከዚያ ማለስለስ ጀመረ። በሻካራው ብርጭቆ ወረቀት፣ ቀጥሎ በደቃቁ፣ ቀጥሎ በዱቄቱ። በሁለተኛው ቀን ኢቮ በቃህ አለው፤ ወለል እንዲህ አይለሰልስም፣ ትንሽ ለእንጨቱ ተውለት አለው። ዱሊዮ አልሰማም። ቧንቧ ሻጭ የሚያውቀው የሚያብለጨልጭ ነገር ነው፣ የሚያውቀውን እሰጠዋለሁ አለ። ሦስተኛውን ቀን ሙሉ ደገመው። ሲጨርስ ሰው እንደ መስታወት ፊቱን እያየ ሊላጭበት ይችል ነበር።

ዱሊዮ ጄኖቫ የደረሰ ዕለት ሲነጋጋ ዘንቦ ነበር። ሰማዩ እንደ አሮጌ ድስት ክዳን ወደቡ ላይ ተከድኗል። የፋብሪካው ጀልባ፣ ያለፈው ዓመት ሞዴል፣ ከሌሎች ሃምሳ ነጫጭ ጀልባዎች መካከል ኋላውን ወደ ወደቡ ዳር ሰጥቶ ታስሯል። ከመሸጋገሪያ ድልድዩ ሥር ትልቅ ቅርጫት አለ፤ ወደ ጀልባ የሚወጣ ሁሉ ጫማውን የሚጥልበት። የጀልባ ሕግ ነው፤ ንጉሥም ቢመጣ ጫማውን አውልቆ ነው የሚወጣው።

ዱሊዮ ቅርጫቱን ሲያይ ቆመ።

ይህን ማሰብ ነበረበት፤ ግን አላሰበም። ፋብሪካው ውስጥ ሠራተኛ በሚሠራው ጀልባ ላይ የሚወጣው የጨርቅ ሸራ ጫማ አድርጎ ነው። ባዶ እግር የባለቤቶች ነገር ነው። የዱሊዮ ግራ እግር ደግሞ ሁለት ጣት የለውም። የዛሬ ሃያ ሰባት ዓመት አንድ ጀልባ ወደ ውኃ ሲወርድ የደገፈው ግንድ ተንሸራቶ ወደቀበት። የያኔው ባለ ፋብሪካ ኬክና ወረቀት ይዞ ሆስፒታል ድረስ መጣ። ወረቀቱ፣ እኔ ዱሊዮ ዳል ፒኖ በእሁድ ቀን ከሞተር ብስክሌት ወድቄ ተጎዳሁ ይላል። ሥራህን ትወደዋለህ አይደል ብሎ ጠየቀው። ዱሊዮ ፈረመ። ሞተር ብስክሌት ኖሮት አያውቅም። ከዚያ ወዲህ ያንን እግር ከሚስቱ በቀር ያየው የለም፤ ቪያሬጆ ተወልዶ አሸዋ ላይ እንኳ ከነጫማው ነበር የሚቀመጠው።

ሻጩ ፋብሪዚዮ ከላይ ሆኖ ያየዋል። ፋብሪዚዮ የፋብሪካው ዘበኛ የነበረው የሬሞ ልጅ ነው፤ ዛሬ ነጭ ሱሪ ለብሶ በአምስት ቋንቋ ጀልባ ይሸጣል። የእግሩን ነገር እንደ ማንኛውም የፋብሪካ ሰው ያውቃል። ወረድ ብሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ “አውልቅ እንጂ፣ ሰዎቹ መጡ እኮ። እዚህ ሆነህ ልትሽኮረመም ነው?” አለው። ወዲያው ቀና ሲል ድምፁ ተለወጠ፤ “ኢንጂነር! እንኳን ደህና መጡ። እኚህ ናቸው ያልኩዎት ማስትሮ ዱሊዮ። እጃቸውን ሳይ ሁሌም እገረማለሁ።” ብቻቸውን ሲሆኑ አንተ፣ ሰው ፊት አንቱና ማስትሮ፣ የባለሙያዎች አለቃ። ዱሊዮ የትኛው እንደሚያመው አያውቅም።

ኢንጂነር ብራምቢላ አጭር፣ ሆዱ የተወጠረ፣ ሳቂታ ሰው ነው። ሚስቱ ሲኞራ ኦርኔላ ፀሐይ የጠገበች ረጅም ሴት ናት። ሁለት ወዳጆቻቸውም አብረዋቸው አሉ። ሁሉም ሳያስቡበት ጫማቸውን ቅርጫቱ ውስጥ ወርወር አድርገው ወጡ። ዱሊዮ መጨረሻ ላይ ጎንበስ ብሎ አወለቀ። ካልሲውን ሊያስቀረው ፈልጎ ነበር፤ ፋብሪዚዮ ግን ካልሲ ያንሸራትታል፣ ደንብ ነው አለ።

ከኋለኛው ወለል ላይ ከድንኳኑ ጥላ ሥር ሁለቱ ናሙናዎች ጎን ለጎን ተነጥፈዋል። ማንም ግን መጀመሪያ እነሱን አላየም። የሲኞራዋ ዓይን የዱሊዮ ግራ እግር ላይ አረፈ፣ ተነሣ፣ እንደገና አረፈ። ኢንጂነሩ ግን ሰውን በዓይኑ መስረቅ የማያውቅ ሰው ነው። ምን ነካዎት ብሎ በግልጽ ጠየቀ።

ዱሊዮ አፉን ሊከፍት ሲል ፋብሪዚዮ ቀደመው። “ሞተር ብስክሌት ነው ኢንጂነር። ማስትሮ በወጣትነታቸው ጉድ ነበሩ! እሁድ እሁድ ሴት ከኋላ አፈናጠው... እግዜር ሁለት ጣት ብቻ ነው የቀጣቸው። አይደለም እንዴ ማስትሮ?”

ሁሉም ወደ እሱ ዞሩ። ዱሊዮ እንጨት ቤቱን አሰበ፤ ስድስቱን ሰዎች አሰበ። እውነቱን ቢናገር ኢንጂነሩ ሠራተኛ ከሚያሰናክል ፋብሪካ ጀልባ አልገዛም ብሎ ይሄድ ይሆናል፤ ያኔ እንጨቱም ፕላስቲኩም የለም። “ነው” አለ። “ሞተር ነው።”

ኢንጂነሩ ከት ብሎ ሳቀ። ሴቲቱስ ምን ሆነች ብሎ ጠየቀ። ዱሊዮ ምንም አልሆነችም አለ። ከወዳጆቹ አንደኛው፣ ሴት እኮ ሁልጊዜ ምንም አትሆንም ብሎ ጨመረበት፤ እንደገና ተሳቀ። የዱሊዮ ጆሮ ጋለ። ባልነበረችው ሴትና ባልነበረው ሞተር እየሳቁበት፣ የነበረው ግንድ ግን ማንም ዘንድ የለም።

ከዚያ ግን ነገሩ መልካም መንገድ ያዘ። ኢንጂነሩ ወደ ናሙናዎቹ ጠጋ ብሎ ቁልቁል አየ። የአባቱ ጀልባ ወለል ቲክ ነበር፤ ልጅ ሆኖ ሆዱን አስጠግቶ ይተኛበት ነበር። ፋብሪዚዮ እንጨት ጥገና እንደሚፈልግ፣ ፕላስቲኩ ግን እንደማይፈልግ ነገረው፤ ለሻጭ የሚመቸው ፕላስቲኩ ነው። ኢንጂነሩ ግን እጁን አወዛወዘ። ሰው ይህን ያህል ከፍሎ ፕላስቲክ ይገዛል እንዴ፣ ፕላስቲክማ እኔም እሠራለሁ አለ። ወደ ዱሊዮ ዞሮ ትከሻውን መታ አደረገው፤ የእንደነዚህ ዓይነት ሰዎችን እጅ ሥራ ነው የምፈልገው አለ። ፋብሪዚዮ ሽንፈቱን ውጦ የትእዛዝ ቅጹን አወጣ።

አለቀ ማለት ነበር። ዱሊዮ ዝም ቢል ኖሮ እዚያው ላይ አልቆ ነበር።

ሲኞራ ኦርኔላ ናሙናዎቹን ገልመጥ አድርጋ፣ “እኔ ምንም ልዩነት አላየሁም” አለች፤ በክፋት አልነበረም፤ መስታወት አውጥታ ከንፈሯን እያየች ነው የተናገረችው። “ዛሬ ዛሬ አንዱን ካንዱ ማን ይለየዋል?”

የሦስት ቀን ልፋት፣ የአርባ ዓመት ልፋት፣ ከቧንቧ ሻጭ ሚስት አፍ እንዲህ ወጣ። በሞተሩ ሳቅ የቆሰለው ቁስል ገና ደሙ አልደረቀም። አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል ይባላል፤ የዱሊዮ አፍ ከዳው።

“እኔ እለየዋለሁ ሲኞራ” አለ። “ዓይኔን ቢሸፍኑኝ እለየዋለሁ።”

ፋብሪዚዮ ብዕሩን ከወረቀቱ ላይ አነሣ።

ኢንጂነሩ ደስ አለው፤ ውርርድ የሚወድ ሰው ነው። ይሄንንማ ሳናይ አንሄድም አለ። የሚስቱን የሐር ሻሽ ከአንገቷ ፈትቶ የዱሊዮን ዓይን ራሱ አሰረ። ዱሊዮ እጁን ዘርግቶ ሊንበረከክ ጎንበስ ሲል ግን ከክንዱ ያዘው። “በእጅ አይደለም ማስትሮ። ወለል የሚረገጥ ነገር ነው። በእግርዎ።”

ናሙናዎቹን ሲያዟዙሯቸው ይሰማል። ከዚያ እንደ ዕውር ክንዱን ይዘው ወደፊት መሩት።

ያን ጊዜ ነው የገባበት ጣጣ የታየው። አርባ ዓመት ሙሉ ወለል ሲሠራ በጉልበቱ ነው የሄደበት፣ በመዳፉ ነው የዳሰሰው። ጣውላ ከጣውላ ሲገጥም የፀጉር ያህል ቢበላለጥ መዳፉ ይነግረዋል። እግሩ ግን አንድም ቀን ቲክ ነክቶ አያውቅም። ወለሉ ሲያልቅ በካርቶን ይሸፈናል፤ ካርቶኑን ሌላ ያነሣዋል፤ የሚረግጠው ሌላ ነው። ሠሪው የማያውቀውን ነገር የሚያውቁት የሚከፍሉት ናቸው። አንድ ተስፋ ነበረው፤ ፕላስቲክ ፀሐይ ላይ ይፈጃል ሲሉ ሰምቷል። ፀሐይ ግን አልነበረም።

የመጀመሪያውን ረገጠ። ቀዝቃዛ። ለስላሳ፣ እንደ ሸክላ ሰሐን። ሁለተኛውን ረገጠ። ይሄም ቀዝቃዛ ነው፤ ግን ሻከር ይላል፤ ደቃቅ መስመር አለው፤ እንደ እንጨት ደም ሥር። ግራ እግሩን ቢሞክር ያ እግር ከሞተ ቆይቷል፤ ምንም አልነገረውም። በቀኙ ደገመው። እንጨት ደም ሥር አለው። ፕላስቲክ የለውም። ሕፃንም ያውቀዋል።

“ሁለተኛው ነው” አለ። “እንጨቱ ሁለተኛው ነው።”

ከዚያ የባዶ እግር ድምፅ ሰማ፤ ሲኞራዋ ናት። በአንዱ ላይ ቆመች፤ በሌላው ላይ ቆመች፤ ዓይኗን ጨፍና እንደሆነ ኋላ ነው የነገሩት። “አይ፣ ማስትሮ” አለች። “የመጀመሪያው ነው እንጨቱ። ፕላስቲክ ተረከዝ ይይዛል፤ እንጨት ይለቃል። ሠላሳ በጋ ጀልባ ላይ የኖረ ሰው አይስተውም።” ልዩነቱን ለማየት ነበር ያልቻለችው፤ ለመርገጥ ግን አላቃታትም።

ዱሊዮ ሻሹን ከዓይኑ ነጥቆ ጣለው። ፕላስቲኩን ያመረቱት ሰዎች እንጨት እንዲመስል ብለው በብረት ብሩሽ ፍቀውታል። እሱ ደግሞ ሦስት ቀን ሙሉ የእንጨቱን እንጨትነት ፍቆ አጥፍቶታል። ወዲያው በጉልበቱ ወደቀ፤ በሁለት መዳፉ ሁለቱን ነካ፤ መዳፉ በአንድ አፍታ ነገረው። “ይሄ ነው! ይሄ ነው እንጨቱ፤ እጄ ያውቀዋል፣ እጄን ብትጠይቁት ኖሮ...”

“ማስትሮ” አለ ኢንጂነሩ፤ አሁንም እየሳቀ፣ “እኔ ጀልባዬ ላይ በእጄ አልሄድም።”

ወዳጆቹ ሳቁ። ዱሊዮ እንደተንበረከከ ቀረ። ኢንጂነሩ ከዚያ በኋላ የተናገረው በንዴት አልነበረም፤ እንደ ነጋዴ አስቦ ነው። ሠሪው ራሱ ካልለየው እኔ ለምን እከፍልበታለሁ አለ። ሚስቱን፣ አንቺ ግን ትለዪዋለሽ፣ እንጨት ይሁንልሽ ወይ ብሎ ጠየቃት። እሷ ሻሿን ከወለሉ አንሥታ እያራገፈች፣ እኔማ እለየዋለሁ፣ ግን ፕላስቲኩ ቀይ ወይን ሲፈስበት አይጠጣም አለች። ፋብሪዚዮ ቅጹ ላይ ፕላስቲክ ብሎ ጻፈ።

እንግዶቹ ጫማቸውን ከቅርጫቱ መርጠው ወረዱ። ዱሊዮ ካልሲውን ለመልበስ መሸጋገሪያው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ፋብሪዚዮ በአጠገቡ ሲያልፍ ቆም አለ።

“አባቴ አንተን ነበር ምሳሌ አድርጎ የሚነግረኝ” አለው። “እንደ ዱሊዮ ሁን፣ አፉን ይዞ ነው እዚህ የደረሰው ይለኝ ነበር።” ከዚያ ናሙናውን ይዘህ አትሂድ፣ ለሌሎች ገዢዎች ለማወዳደሪያ ይሆነናል ብሎት ሄደ።

ዱሊዮ ከባቡር ወርዶ ቤቱ እስኪገባ ለሚስቱ የሚነግራትን ሲያሰናዳ መጣ፤ ገብቶም አልነገራት። ለእንጨት ቤት የሚነግረውን ግን አሰበበት። እውነቱ አጭር ነው፤ ሰውየው እንጨት ብሎ ነበር፤ እኔ አፌን ከፍቼ አጠፋሁት። ይህን ስድስት ሰዎች ፊት ቆሞ ሲናገር ራሱን አየው። ጄኖቫ ላይ የተሳቀበት ሳቅ እዚህም ተከትሎት ይመጣል። ወሬው ቡና ቤት ይገባል፤ ወደቡ ሁሉ ይሰማል፤ ቲክ ከፕላስቲክ የማይለየው ዱሊዮ ተብሎ ይቀበራል።

በማግስቱ ገና ልብሱን ሳይቀይር ከበቡት። መጋዝ አልተነሣም። ኢቮ ሁለት ቁራጭ የሽንብራ ቂጣ በወረቀት ጠቅልሎ አምጥቶለት ነበር፤ ሳይሰጠው በፊት፣ “እህ?” አለው። “ምን አለ ሰውየው?”

ዱሊዮ የጃኬቱን ዚፕ ወደ ታች አወረደ። “ፕላስቲክ” አለ።

አንዱ ተሳደበ። አንዱ ተቀመጠ። ትልቁ ሎሪስ፣ ብልህ ነኝ የሚለው፣ በምን ምክንያት ብሎ ጠየቀ። ዱሊዮ ስድስቱን በተራ አያቸው፤ ዓይኑ የኢቮ እጅ ላይ ሲደርስ ቆመ። ከፋሲካ ወዲህ የኢቮ ቀኝ እጅ መንቀጥቀጥ ጀምሯል። በጣም ትንሽ ነው፤ ሌላው አላወቀውም። ዱሊዮ አውቆ ዝም ብሏል፤ ኢቮም ዱሊዮ ማወቁን ያውቃል፤ በመካከላቸው ግን አልተነሣም። በናሙናው ላይ ጎማው እንከን አልነበረውም። ግን ናሙናው ጄኖቫ ቀርቷል፤ ሄዶ የሚያየው የለም።

“እንጨቱን ወዶት ነበር” አለ ዱሊዮ። “የአባቴ ጀልባ ላይ ቲክ ነበር ብሎ፣ ሊፈርም ብዕር ይዞ ነበር። ከዚያ ጎማውን አየ። መስመሩ ተንቀጥቅጧል አለ።”

መጀመሪያ ሎሪስ ወደ ኢቮ ዞረ፤ ቀጥሎ ሌሎቹ። ኢቮ ወረቀቱን እንደያዘ እጁን ያያል። ዘይት የወጣው ወረቀት ይንኮሻኮሻል። ሊያስቆመው ሞከረ፤ አልቆመም። ሎሪስ፣ ከመቼ ወዲህ ነው ይሄ ብሎ ጠየቀው። ሎሪስ ታዲያ፣ በገዛ እጅህ መቀበር አንድ ነገር ነው፣ ስድስት ሰው ይዘህ መቀበር ምን የሚሉት ነው አለው። ከመካከላቸው ተው ያለው የለም።

ኢቮ ቂጣውን መሥሪያ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ዱሊዮን አየው፤ ለረጅም ጊዜ አየው፤ ፊቱ ላይ አንዳች ነገር እንደሚፈልግ ሁሉ። ዱሊዮ ዓይኑን አልሰበረም። ጄኖቫ ላይ የተማረው አንድ ነገር ቢኖር ዋሽቶ ዓይንን አለመስበር ነው።

ከዚያ ኢቮ ባርኔጣውን አውልቆ ወደ እያንዳንዳቸው ሄዶ ይቅርታ ጠየቀ። ሎሪስ ፊቱን አዞረበት። ሌሎቹ ትከሻቸውን ነቀነቁ። ወደ ዱሊዮ የመጣው መጨረሻ ላይ ነው። የእጁን ነገር ይነግረኛል ብለህ ጠብቀህ ይሆናል፣ መናገር ነበረብኝ፣ አፈርኩ አለው።

“ምን ይደረግ” አለ ዱሊዮ። “ዕድሜ ነው።” እጁንም ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ ሁሉም እያዩት፣ ይቅር አለው።